ድክ ድክ የምትል ልጅ ይዞ ከደብረ ብርሃን ወደ ባሕር ዳርቻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለፈው ክረምት፣ ልጃችን ሁለት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት፣ ይዘናት ዛንዚባር ሄድን። ከተመለስን ወዲህ ጥያቄው አላቋረጠም። ጎረቤት ይጠይቃል፣ የሥራ ባልደረባ ይጠይቃል። ዳቦ ቤት ተራ ስጠብቅ የማላውቃት እናት ትከሻዬን ነክታ ጠይቃኛለች። ሁሉም የሚያነሱት ያንኑ ስለሆነ በአንድ ላይ ጻፍኩት። የምጽፈው ለደጋ ሰው ነው፤ ለደብረ ብርሃን፣ ለጫጫ፣ ለደነባ፣ ለመሐል ሜዳ ወላጆች።

ገና ድክ ድክ የምትል ልጅ ይዞ ያን ያህል መንገድ መሄድ አይከብድም?

ይከብዳል። ግን ይቻላል። ሰው ሁሉ የሚፈራው አውሮፕላኑን ነው። እኔም የፈራሁት እሱኑ ነበር፤ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። አሁን ሳስበው ከጉዞው ሁሉ ቀላሉ እሱ ነበር። የደጋን ልጅ የሚያስቸግሩት ፀሐይ፣ ውሃና ትንኝ ናቸው። ሦስቱንም በቤታችን ስለማናውቃቸው እጃችን አልለመደም። እኛ ልጅን ከብርድ መጠበቅ እናውቅበታለን። መደራረብ፣ በጋቢ መጠቅለል፣ በር መዝጋት። ባሕር ዳር ይሄ ሁሉ ይገለበጣል። ስለዚህ ከሻንጣው በፊት ለእነዚህ ሦስቱ ተዘጋጁ።

የት ብንሄድ ይሻላል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የኬንያዋ ሞምባሳ ወይም የታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር። ከቦሌ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። የሚረዝመው ከቤት እስከ አልጋ ያለው ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ቦሌ ላይ ሰልፍና ጥበቃ፣ በረራው፣ ከዚያ ደግሞ ከአየር ማረፊያው እስከ ሆቴሉ በመኪና። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አትሞክሩት። ዋዜማውን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት እደሩ። ልጅ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተቀስቅሳ የጀመረችው ቀን ለማንም አይሆንም።

የሁለቱም ቦታዎች ትልቁ ጥቅም ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ መሆኑ ነው። ልጄ በለመደችው ሰዓት ተኛች፣ በለመደችው ሰዓት ነቃች። እኔን ያስደሰተኝ ሌላም ነገር አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደኛው ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው። ጠዋት አንድ ሰዓትን «ሳ ሞጃ» ይሉታል፤ ቃል በቃል አንድ ሰዓት ማለት ነው። ቁርስ የምታቀርበዋ ሴት በጣቷ አንድ አሳይታ «ሳ ሞጃ» ስትለኝ አገሬ ያለሁ ያህል ቀለለኝ።

ዛንዚባር ላይ ባሕሩ በየአቅጣጫው አንድ አይደለም። በቀን ሁለቴ ውሃው ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል። በምሥራቅ በኩል፣ ፓጄና ጃምቢያኒ አካባቢ፣ ሲሸሽ በጣም ይርቃል። አሸዋና ድንጋይ ብቻ ይቀራል። በሰሜን በኩል ኑንግዊና ኬንድዋ ግን የሚሸሸው ጥቂት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ውሃ አለ። ለትንሽ ልጅ እኔ ሰሜኑን እመርጣለሁ።

ሞምባሳ ከሄዳችሁ ብዙ ቤተሰብ የሚያርፈው ከከተማው በስተደቡብ ዲያኒ ነው። ከሞምባሳ ደሴት በሊኮኒ ጀልባ መሻገር ይቻላል። እዚያ ጉሬዛና ጦጣ ሆቴሉ ግቢ ድረስ ይገባል። የጓሳ ጭላዳ ሣሩን ነጭቶ ወደ ገደሉ ይወርዳል፤ የዲያኒ ጦጣ ግን ከልጅ እጅ ሙዝ ይነጥቃል። ልጅ ምግብ ይዛ ከበረንዳ አትውጣ።

በየትኛው ወር?

ሐምሌና ነሐሴ። እኛ ጋ ዝናብና ጭቃ ሲሆን እዚያ ደረቅና ለስለስ ያለ ነው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ዋናው ዝናባቸው ነው። ኅዳር ላይም አጭር ዝናብ አላቸው። ጥርና የካቲት ደረቅ ቢሆንም ሙቀቱ ከውርጭ ለመጣ ልጅ ይከብዳል።

ምን ምን ወረቀት ያስፈልጋል?

ልጅ የራሷ ፓስፖርት ያስፈልጋታል፤ እናቷ ፓስፖርት ላይ መጻፍ የለም። ለፓስፖርቱ ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀት። ከወሳኝ ኩነት ያላወጣችሁ ካላችሁ ነገ ጠዋት ቀበሌ ሂዱ። የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ፓስፖርቱ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን። ከወላጅ አንዱ ብቻውን የሚጓዝ ከሆነ የሌላው ወላጅ ፈቃድ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ መሆን አለበት። ያለ እሱ ቦሌ ላይ እንባ ነው።

ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም። የታንዛኒያን ግን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በመንግሥታቸው የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ጨርሱ። ዛንዚባር ደግሞ ከኦክቶበር 2024 (እ.ኤ.አ.) መግቢያ ጀምሮ የውጭ አገር ጎብኚ ሁሉ የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ታስገድዳለች። ለአዋቂ 44 ዶላር ነው።

ትኬት ላይ አንድ ነገር። ከሁለት ዓመት በታች ያለች ልጅ ጭን ላይ ትቀመጣለች፤ ዋጋዋም አብዛኛውን ጊዜ ከአዋቂው 10 በመቶ አካባቢ ነው። ሁለት ዓመት ስትሞላ የራሷ ወንበር ግድ ነው። ዕድሜዋ የሚቆጠረው በየበረራው ቀን ነው። በመሃል ልደቷ ከዋለ መመለሻው ሌላ ሂሳብ አለው። እኛ ወሩን የመረጥነው ይህን ቆጥረን ነው።

የትኛውን ክትባት መከተብ አለባት?

መደበኛ ክትባቷ የተሟላ ይሁን። ኩፍኝ በ9ኛውና በ15ኛው ወር የሚሰጠው ሁለቱም መሰጠቱን ካርዷ ላይ እዩ።

ከዚያ ቢጫ ወባ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ፣ ዕድሜው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ኬንያም ታንዛኒያም ሲገባ ቢጫ ካርድ ይጠየቃል። ድክ ድክ የምትለዋም ትጠየቃለች። ክትባቱ ከ9 ወር ጀምሮ ይሰጣል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት የተከተበ ሰው በር ላይ ሊመለስ ይችላል። አንድ ጊዜ ከተወሰደ ግን ለዕድሜ ልክ ነው። ቢጫ ወባና ኩፍኝ ሁለቱም ሕያው ክትባቶች ናቸው። በአንድ ቀን ካልተሰጡ በመካከላቸው አራት ሳምንት መኖር ስላለበት ለጤና ባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩ።

ሰው ስሙን ሰምቶ ይሳሳታል። የቢጫ ወባ ክትባት ከወባ አይከላከልም። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። «ተከትባለች እኮ!» ብሎ ያለ አጎበር የሚያስተኛ ወላጅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከመሄዳችን በፊት የምንለማመድበት መንገድ አለ?

አለ፤ ደግሞም ደጃችን ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት።

መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርታችሁ ቅዳሜና እሑድ ውረዱ። ከደብረ ብርሃን መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትሆናላችሁ። ዋሻውን አልፋችሁ በደብረ ሲና በኩል ስትጠማዘዙ ቆይታችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ይህ ቁልቁለት ለልጅ ጆሮ አውሮፕላን ለማረፍ ሲወርድ ከሚሰማው ጋር ይቀራረባል። እያጠባችሁ ወይም ውሃ እያስጎነጫችሁ ውረዱና ታለቅስ እንደሆነ እዩ።

እዚያ ስትደርሱ ሌላውንም ሞክሩ። በቀጭን ልብስ ትተኛለች ወይ? አጎበር ውስጥ ትፈራለች ወይ? (ሸዋ ሮቢት ወባ ስላለ አጎበሩ ለልምምድ ብቻ አይደለም።) የፀሐይ ቅባቱን ክንዷ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ ሽፍታ ያወጣባት እንደሆነ ጠብቁ። ባርኔጣ ደግሞ ለብቻው ትግል ነው። የእኔዋ ባደረግሁላት ቁጥር አውልቃ ትወረውረው ነበር። ቤት ከመጣን በኋላ አገጯ ሥር የሚታሰር ክር ሰፋሁበትና በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ግቢ ውስጥ እያደረግሁላት አለማመድኳት። በሁለተኛው ሳምንት ራሷ ይዛ ትመጣ ጀመር። ዛንዚባር ላይ የጠቀመኝን ያህል ሌላ ነገር የጠቀመኝ የለም።

አውሮፕላን ከፍታው ልጄን አያፍናትም?

ይህን የሚጠይቀኝ የደብረ ብርሃን ሰው ሲሆን ደስ ይለኛል። አውሮፕላኑ ውጭ 11,000 ሜትር ላይ ቢበርም የውስጡ አየር ይታመቃል። ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ነው። አንዳንዱ፣ ለምሳሌ ድሪምላይነር፣ ከ1,800 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ልጃችሁ አውሮፕላኑ ውስጥ ከገዛ መኝታ ቤቷ የተሻለ አየር ታገኛለች።

ጆሮዋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቦሌ ራሱ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነ ሲነሳ ብዙም ለውጥ የለም። የሚያመው ሲወርድ ነው፤ ከዚያ ከፍታ ተነስታችሁ ባሕር ወለል ላይ ታርፋላችሁና። ጆሮንና ጉሮሮን የሚያገናኘው ቱቦ በልጅ ላይ ጠባብ ነው። የሚከፈተው ስትውጥ ነው። ማረፊያው ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ተኝታ ከሆነ ቀስቅሷት። ጡት፣ ጡጦ፣ ብስኩት፣ የምትውጠው ነገር ይሁን። ጉንፋን ይዟት ወይም ጆሮዋን አሟት ከሆነ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ይያት። በእኛ ብርድ ጉንፋን የማይያዝ ልጅ ስለሌለ ይህን ቀላል አታድርጉት።

ወንበር ላይ እንዴት አድርጌ ላቆያት?

ከመሳፈራችሁ በፊት አድክሟት። ቦሌ ላይ ትራመድ፣ ትሩጥ። ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ሁሉንም መጫወቻ በአንዴ አታውጡ፤ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ። ለእኛ ተለጣፊ ሥዕልና የእኔ ነጠላ በቂ ነበሩ። ነጠላው ድንኳን ሆነ፣ መደበቂያ ሆነ፣ በመጨረሻም ልብስ ሆኖ ተኛችበት።

እንድትተኛ ብላችሁ የጉንፋን ወይም የአለርጂ ሽሮፕ አትስጧት። ይህን ምክር ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። አደገኛ ነው። አንዳንድ ልጅን ደግሞ ጭራሽ ያቅበጠብጣል። ለሕፃን የሚሆን ወተትና ምግብ ከ100 ሚሊ ሊትር ቢበልጥም ፍተሻ ላይ በልክ ያሳልፋሉ፤ ለብቻ አውጥታችሁ አሳዩ።

ምን ልያዝ?

ከምታስቡት ያነሰ ልብስ፣ ከምታስቡት የበለጠ ዳይፐር። ረጅም እጅጌ ያለው ቀጭን የጥጥ ልብስ። ጠንካራ ሶል ያለው የውሃ ጫማ። ቴርሞሜትር፣ የትኩሳት ሽሮፕ፣ ለተቅማጥ የሚበጠበጠው ኦአርኤስ። ጋሪ ለመሸከም አትድከሙ፤ አሸዋ ውስጥ ጎማው ይሰምጣል። ማዘያ ወይም አንቀልባ ይበልጣል፤ ጀርባና ደረት በላብ እንዳይጣበቁ መሃል ላይ ቀጭን ጨርቅ አድርጉ።

ፌስታል አትያዙ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኬንያ ከ2017፣ ታንዛኒያ ከ2019 ጀምሮ በሕግ ከልክለዋል። እኛ ደግሞ ዳይፐሩንም ጫማውንም በፌስታል ጠቅልለን ነው ሻንጣ የምንሞላው። የጨርቅ ከረጢት ስፉ።

ለመንገድ ጭኮ በጣም ጥሩ ነው። አይበላሽም፣ አይፈስም፣ ትንሹ ያጠግባል። ቆሎና ኦቾሎኒ ግን ለአዋቂዎቹ ብቻ። አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ቆሎ ትንፋሽ ቱቦው ውስጥ ሊገባበት ይችላል። አየር ላይ ደግሞ ሆስፒታል የለም።

እናቴ «ምች ይመታታል፣ አትውሰጃት» ትላለች። ምን ልበላት?

የእኔም እማዬ ብላለች። አትከራከሯት። «እኩለ ቀን ላይ ልጅ ከቤት አይወጣም» የምትለው ልክ ነው። እዚያም የሚሠራው ይኸው ነው። ጠዋት እስከ አራት ሰዓት ባሕሩ ዳር፣ ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ጥላ፣ ምሳና እንቅልፍ፣ ከአሥር በኋላ እንደገና ባሕሩ ዳር። ይህን ስነግራት እማዬ ባርካ ሸኘችን።

ልጄ ጠይም ናት። ሰንስክሪን ምን ያደርግላታል?

ጠይም ቆዳም ይቃጠላል። ቶሎ ስለማይቀላ ሳታዩት ያልፋል እንጂ። በነገራችን ላይ የደብረ ብርሃን ፀሐይም ኃይለኛ ናት፤ ከፍታ ላይ ስለሆንን። ንፋሱ ስለሚያቀዘቅዘን አናውቀውም።

ላዩ ላይ ኤስፒኤፍ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሚል የፀሐይ ቅባት ግዙ። ከመውጣታችሁ ሩብ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ቀቧት፤ በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጣች ቁጥር ደግሞ ድገሙ። ጆሮ ጀርባ፣ ማጅራትና የእግር ጫፍ ይረሳል። የልጄ የእግር ጣቶች ላይ በመጀመሪያው ቀን የረሳሁት ቦታ ሁለት ቀን ሲያሳክካት ነበር። ቅባቱ ግን ሁለተኛ ነው። የመጀመሪያው ልብስ፣ ባርኔጣና ጥላ ነው። ስድስት ወር ያልሞላውን ሕፃን ጭራሽ ፀሐይ ላይ አታውጡ።

ባሕሩን ስታይ ምን ታደርጋለች? እንዴትስ ልጠብቃት?

የእኔዋ መጀመሪያ አላየችውም። ያየችው አሸዋውን ነበር። የዛንዚባር አሸዋ ነጭና እንደ ዱቄት የላመ ነው። ቁጢጥ ብላ በሁለት ጣቷ ቆነጠረችና በሶ መስሏት አፏ ውስጥ ከተተችው። ፊቷ ተጨማደደ። ቀና ብላ አየችኝ፤ «ይሄ ምንድን ነው?» የሚል ዓይን። ከዚያ ሞገዱ መጣና ቁርጭምጭሚቷን ነካት። ጮኸች። ተመልሶ ሲሄድ ደግሞ ጣቷን ወደ እሱ ቀስራ «ና!» አለችው። ሁለት ቀን ሙሉ ሥራዋ ባሕሩን መጥራት ነበር።

አታስገድዷት። ይዛችሁ ዘላችሁ አትግቡ። ዳር ላይ ተቀመጡ፤ ውሃው ራሱ ይመጣላታል።

አሁን ዋናው። በዓለም ላይ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ መስጠም ነው። እኛ የምናስበው ልጅ ስትሰምጥ ትጮኻለች፣ ትንፈራገጣለች ብለን ነው። አትጮኽም። ድምፅ ሳታሰማ ነው የምትሄደው፤ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ። ጉልበቷ ድረስ የሚመጣ ውሃ ይበቃል። የሚነፋ የክንድ ኳስና ጎማ መጫወቻ እንጂ መከላከያ አይደለም። ጀልባ ከተሳፈራችሁ በልኳ የሆነ የሕይወት ጃኬት ጠይቁ፤ ከሌለ አትሳፈሩ።

ከሁሉ አደገኛው «እሱ ያያታል» «እሷ ታያታለች» ነው። ሁለት ወላጅ እያለ ማንም የማያያት ጊዜ አለ። እኛ በባለቤቴ የገለባ ባርኔጣ ተስማማን። ባርኔጣውን ያደረገው ሰው ተረኛ ነው። ስልክ አይነካም፣ ፎቶ አያነሳም፣ ከልጅቷ ከአንድ ክንድ አይርቅም። የሚደክመው ባርኔጣውን በእጁ ለሌላው ያቀብላል፤ «ያዝ» ብሎ፣ «ያዝኩ» እስኪባል ጠብቆ። ሰባት ቀን እንዲሁ አደረግን። የሆቴል ገንዳ ዳርም ሕጉ ያው ነው። እንዲያውም ክፍላችሁ በቀጥታ ወደ ገንዳ የሚከፈት ከሆነ ሌላ ክፍል ጠይቁ።

ውሃው ሲሸሽ በድንጋዩ መሃል ጥቁር እሾሃም ኳስ የመሰለ የባሕር እንስሳ ይታያል። እሾሁ እግር ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። የውሃ ጫማ ሳታደርግ ድንጋይ ያለበት ቦታ አትራመድ። ከወጋት እሾሁን በወረንጦ አውጥታችሁ ቦታውን በሳሙና እጠቡ፤ ጥልቅ ከገባ ክሊኒክ።

ወባስ?

የደጋ ልጅ ወባን አታውቀውም፤ ደሟ አልተዋወቀውም። ስለዚህ ከያዛት ይከፋባታል። የሞምባሳ ዳርቻ ወባ አለ። ዛንዚባር በጣም ቀንሷል፤ አልጠፋም። ከመሄዳችሁ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩና አስቀድሞ የሚወሰድ የወባ መድኃኒት ያስፈልጋት እንደሆነ ጠይቁ። መጠኑ በክብደቷ ስለሆነ ያን ሰሞን ትመዘን። ከተመለሳችሁም በኋላ እስከተባለው ቀን ድረስ ይቀጥላል። ቤት ገባን ብላችሁ አታቋርጡ።

ማታ ላይ ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪ። ዲት (DEET) የሚባለው ትንኝ አባራሪ ያለበት ቅባት ከሁለት ወር በላይ ላለ ልጅ ይሆናል፤ መጠኑ ከ30 በመቶ አይብለጥ። እጇ ላይ አትቀቡ፤ አፏ ውስጥ ትከተዋለችና። ሰንስክሪን ይቀድማል፣ የትንኙ ይከተላል።

አጎበሩን ከመመሸቱ በፊት ፈትሹት። ያረፍንበት ሆቴል አጎበር ሰጠን፣ ግን በአንድ በኩል እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው። ቀይሩልን ብንል ነገ አሉን። ከቦርሳዬ መርፌና ክር አውጥቼ ራሴ ሰፋሁት። እናንተም መርፌና ክር ያዙ፤ ግን ሻንጣው ውስጥ ይሁን።

ምን ትበላለች?

ሩዝ፣ ሙዝ፣ እንቁላል፣ ማንጎ፣ ዓሣ። ቻፓቲውን ቆራርሳችሁ ስትሰጧት ጨጨብሳ ይመስላታል። የኮኮናት ወጣቸው ለስላሳ ነው፤ ከእኛ በርበሬ ይልቅ ይቀላታል። ዓሣውን በጣታችሁ ፈርፍራችሁ እሾሁን ፈልጉ። የደጋ እጅ ይህን ስለማይለምድ ሁለቴ ፈርፍሩት።

አብዛኛው የዛንዚባር ሰው ሙስሊም ነው። የዕርድ ነገር የሚያሳስባችሁ ክርስቲያኖች ዓሣና እንቁላል በየቦታው አለላችሁ። ሙስሊም ወላጆች በዚህ በኩል አሳብ የላችሁም። በረመዳን ቀን ከተማው ውስጥ አደባባይ ላይ አለመብላት ጨዋነት ነው። ልጅን ማብላት ግን ማንም አይቀየምም። የዛንዚባር አሮጌው ከተማ ስቶን ታውን ስትገቡ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ።

ተቅማጥ ቢይዛትስ?

የታሸገ ውሃ ብቻ ትጠጣ፤ ጥርሷንም በእሱ ቦርሹ። በረዶና ያልተላጠ ፍሬ ይቅር። ከያዛት አንዱን የኦአርኤስ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ። ዚንክ ከስድስት ወር በላይ ላለች በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ቢያንስ ለ10 ቀን፤ ተቅማጡ ቢቆምም ትጨርሰው። ጡት አይቋረጥ። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ ሽንቷ ከቀነሰ፣ ከፈዘዘች ወይም ደም ካያችሁ አትጠብቁ።

ወደ ታይላንድ ልንሄድ ነው። ይለያል?

ይለያል። እስከ ባንኮክ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። የሌሊት በረራ ምረጡ። ሰዓታቸው ከእኛ በአራት ሰዓት ይቀድማል፤ ልጅ ይህን እስክትለምድ ሦስት አራት ቀን ትፈልጋለች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለምንም ነገር አትያዟቸው። ቢጫ ካርድ እዚያም ይጠየቃል። ፉኬት በምዕራቡ ዳርቻ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ሞገዱ ኃይለኛ ነው። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ዳሩም ላይ አትቀመጡ። እዚያ የሚያሳስበው ዴንጊ ነው። የዴንጊ ትንኝ ደግሞ በቀን ነው የምትናከስ፤ ስለዚህ ቅባቱን ለማታ ብቻ አትተዉት።

ከተመለስን በኋላ የምንጠብቀው ነገር አለ?

ሦስት ነገር። ጃኬትና ካልሲዋን የእጅ ቦርሳ ውስጥ ያዙ። በሐምሌ ማታ ቦሌ ላይ በባሕር ልብስ የወረደች ልጅ አይታችሁ ከሆነ ለምን እንደምል ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ብርቅ ነው፤ ግን እወቁት። ከፍታ ላይ የሚኖር ልጅ ቆላ ሰንብቶ ወደ ደጋ ሲመለስ፣ በተለይ ጉንፋን ከያዘው፣ አንዳንዴ ሳንባው ውሃ ይቋጥራል። የሚታየው ከተመለሰ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው። ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ሳሏ ከበረታ፣ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል።

ሦስተኛው ትኩሳት። ወባ ከተነከሱ ሳምንት በኋላም፣ ከወራት በኋላም ሊወጣ ይችላል። ደብረ ብርሃን ላይ ልጅ ስታተኩስ ሁሉም የሚያስበው ቶንሲል ወይም የሳንባ ምች ነው። የትም እንዳልሄደች አድርጎ ያያታል። እኛ ከተመለስን በ19ኛው ቀን አተኮሳት። ካርድ ክፍል ቆሜ ገና ስሟን ሳልናገር «ዛንዚባር ነበርን፣ የወባ ምርመራ ይደረግላት» አልኩ። ጣቷን ተወጋች፣ አለቀሰች፣ ውጤቱ ነጻ ሆነ። ጉሮሮዋ ነበር።